ዕድሜ ብቻውን ቅጣት አያከብድም

በአረጋውያን ላይ ስለሚፈጸም ዘረፋና የማንነት ስርቆት፣ በሎስ አንጀለስ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ? የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥራ ወጥታችሁ በዚህ ትራፊክ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከፊት የተቀመጣችሁ ታላላቆቻችን፣ የዛሬው ጉዳይ የእናንተ ነው። ንግግሬ ግን ይበልጥ የሚያመዝነው ከኋላ ወደ ቆማችሁት ልጆቻቸው ነው። ከፖሊስ ጋር የምታወሩት፣ ወረቀቱን የምትሞሉት፣ ፍርድ ቤት ይዛችኋቸው የምትሄዱት እናንተ ናችሁና።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙልኝ። በካሊፎርኒያ ሕግ የተበዳዩ እርጅና በራሱ የወንጀለኛውን ቅጣት አያከብድም። ዐቃቤ ሕጉ ክሱ ላይ ሊጽፈው ይገባል፤ ከጻፈው በኋላ በማስረጃ ሊያረጋግጠው ይገባል። ያልተጻፈ ዕድሜ ቅጣት ሲሰላ የለም። ሽበቱ እየታየ፣ ከዘራው እየታየ፣ የለም!

ይህ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 84 ላይ፣ በዕድሜው ወይም በጤንነቱ ምክንያት የተለየ ጥበቃ በሚያስፈልገው ሰው ላይ የተፈጸመ ወንጀል ከጠቅላላ የቅጣት ማክበጃዎች አንዱ ተደርጎ ተቀምጧል። ለየትኛውም ወንጀል የሚያገለግል ጠቅላላ ማክበጃ ነው። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ ወንጀል የራሱ የዕድሜ መነሻ፣ የራሱ ጭማሪ፣ የራሱ የማረጋገጫ ሸክም አለው። አንዱ ቦታ 60 ይላል፣ ሌላው 65፣ ሌላው 70። ፌዴራል ሕጉ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ 55 ይላል። ለምን? እያንዳንዱ ሕግ የወጣው በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ሰው ግፊት ስለሆነ ነው። ወጥ እንዲሆን ያሰበበት ያለ አይመስልም።

ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ። የተፈጸመው ወንጀል ምንድን ነው? ዘረፋ ነው ወይስ ስርቆት?

በካሊፎርኒያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቁጥር 211 መሠረት ዘረፋ ማለት ንብረትን ከሰው ላይ ወይም ከአጠገቡ፣ ያለ ፈቃዱ፣ በኃይል ወይም በማስፈራራት መውሰድ ነው። የንብረቱ ዋጋ ለውጥ የለውም፤ 5 ዶላርም ይሁን 5 ሺህ ዶላር ዘረፋ ዘረፋ ነው። ሁሉም ነገር የሚያርፈው “በኃይል ወይም በማስፈራራት” በሚለው ላይ ነው።

እናቶቻችን የሚያውቁትን የወርቅ ነገር እንውሰድ። መኪና አጠገባቸው ይቆማል። ውስጥ ሴት አለች፤ አንዳንዴ ሕፃን ታቅፋለች። መንገድ ትጠይቃለች። ሲያሳይዋት ታመሰግናለች፣ እጃቸውን ትስማለች፣ “እናቴን መሰሉኝ፣ ይቺን ስጦታ ይቀበሉኝ” ብላ አርቲፊሻል ሐብል አንገታቸው ላይ ታጠልቃለች። በዚያው እጇ እውነተኛውን ሐብል መቆለፊያውን ፈትታ ይዛው ትሄዳለች። እናታችን የሚያውቁት ቤት ገብተው ነጠላቸውን ሲያወልቁ ነው።

ይህ ዘረፋ ነው? አይደለም። ኃይልም ማስፈራራትም የለበትም። የሐብሉ ዋጋ ከ950 ዶላር በላይ ከሆነ ከሰው ላይ የተፈጸመ ከባድ ስርቆት ነው፤ ቅጣቱ በካውንቲ እስር ቤት እስከ 1 ዓመት፣ ከባድ ተደርጎ ከተከሰሰ ደግሞ 16 ወር፣ 2 ወይም 3 ዓመት ነው። አሁን ታሪኩን በአንድ ነገር ብቻ ልቀይረው። እናታችን ነቁና ሐብሉን በእጃቸው ያዙት። ሴትየዋ ጎተተች፣ እሳቸው አልለቅም አሉ፣ በጥሳ ወሰደችው። ይህ ዘረፋ ነው። ሌላም ልጨምር፤ መጀመሪያ በዘዴ ወስደው፣ ከዚያ እሳቸው የመኪናውን በር ሲይዙ ገፍትረው ወይም ጎትተው ቢያመልጡስ? ይህም ዘረፋ ነው። ዕቃውን ይዞ ለማምለጥ የተጠቀሙበት ኃይልም ይቆጠራል።

ልዩነቱ የሚጠፋው የት ነው? የፖሊስ ሪፖርት ላይ። ልጅየው ከሥራ በርሮ ይመጣል፤ እናቱ ሩብ ሰዓት ሙሉ የነገሩትን ለፖሊሱ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያሳጥረዋል፤ “ቦርሳዋን ሰረቋት፣ ደህና ናት” ይላል። መግፋቱ፣ መጎተቱ፣ እጃቸው ላይ የቀረው ሰንበር፣ “ብትጮኺ ወየውልሽ” የተባሉበት ማስፈራሪያ አልተጻፈም። ከሦስት ወር በኋላ ፍርድ ቤት ላይ “ገፍትሮኛል” ሲሉ ተከላካይ ጠበቃው ሪፖርቱን ያነሣና “በዕለቱ ይህን አላሉም፣ አይደለም?” ይላል። ስለዚህ ለፖሊስ ስልክ ስትደውሉ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጅ አስተርጓሚ አይሁን። ልጅ ይጨነቃል፣ ያሳጥራል፣ ያስተካክላል። የሌለ ነገር ጨምሩ ማለቴ አይደለም፤ የሆነው ሁሉ በሆነበት ቅደም ተከተል ይጻፍ ነው የምለው። ሰንበር ካለ ደግሞ በዕለቱም በሦስተኛው ቀንም ፎቶ አንሡት። የአረጋውያን ቆዳ ላይ ሰንበር ጎልቶ የሚወጣው ዘግይቶ ነው።

ዘረፋው ደግሞ ደረጃ አለው። ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ የተፈጸመ፣ ወይም ኤቲኤም በመጠቀም ላይ ባለ ወይም ገና ተጠቅሞ እዚያው አካባቢ ባለ ሰው ላይ የተፈጸመ አንደኛ ደረጃ ነው። አውቶቡስና ታክሲ ነጂም እዚሁ ውስጥ ይገባል፤ ታክሲ ለምትነዱ ወንድሞቼ ይህን ልብ በሉ። አንደኛ ደረጃ 3፣ 4 ወይም 6 ዓመት ነው። ቀሪው ሁሉ ሁለተኛ ደረጃ፣ 2፣ 3 ወይም 5 ዓመት። ስለዚህ “ባንክ አጠገብ ነበርኩ” እና “ገንዘብ አውጥቼ ዘወር ከማለቴ” የተለያየ ቅጣት ያመጣሉ። የኤቲኤሙ ደረሰኝ ሰዓቱን ይናገራልና አትጣሉት።

ሁለተኛው ነጥቤ ዕድሜው ነው። እዚህ ላይ ታገሱኝ፣ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው።

ተበዳዩ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በቁጥር 667.9 መሠረት ቅጣቱ ላይ 1 ዓመት ይጨመራል፤ ወንጀለኛው ከዚህ በፊት በተመሳሳይ ጥፋት ከተፈረደበት 2 ዓመት። ግን ለየትኛው ወንጀል? ለዘረፋ፣ መኪና ነጥቆ ለመውሰድ፣ ሰው ለመጥለፍ፣ ሰው የሚኖርበትን ቤት ሰብሮ ለመግባትና ለጥቂት ሌሎች ነው። ቅድም ላልኳችሁ የሐብል ስርቆት አይሠራም፤ ለማንነት ስርቆትም አይሠራም። ለእነዚያ በሩ በአረጋውያን ላይ የሚፈጸም በደልን የሚቀጣው ቁጥር 368 ነው፤ እመለስበታለሁ።

ተበዳዩ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ከባድ የአካል ጉዳት ከደረሰበት፣ በቁጥር 12022.7 ተጨማሪው 5 ዓመት ነው። ከዚያ በታች ላለ ሰው ተመሳሳዩ ጉዳት 3 ዓመት ነው የሚጨምረው። ተበዳዩ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ በዘረፋው ከባድ ጉዳት ከደረሰበት ደግሞ ዳኛው ፕሮቤሽን መስጠት አይችልም፤ ቁጥር 1203.09 ይከለክላል። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ትልቅ ነገር ነው። ፕሮቤሽን ማለት እኮ ሰውየው ጥቂት ወር ታስሮ፣ ወይም ምንም ሳይታሰር፣ ነገ ሰፈር ሊታይ ይችላል ማለት ነው።

እነዚህ ሕጎች እንደየአገላለጻቸው “ያውቅ ነበር ወይም ማወቅ ነበረበት” የሚል ቅድመ ሁኔታ ያመጣሉ። ተከላካዩ “ጨለማ ነበር፣ ኮፍያ አድርገው ነበር፣ ከኋላ ነው የያዝኳቸው” ይላል። ለዚህ መልሱ ምንድን ነው? የዚያ ቀን ሁኔታ። ከዘራ ይዘው ነበር? ዎከር ይገፉ ነበር? በምን ፍጥነት ይራመዱ ነበር? ፊት ለፊት ተያይተዋል? የሱቅ ካሜራ የቀረጸው አለ? ካሜራው ደግሞ ለዘላለም አያስቀምጥም፤ ብዙ ሱቅ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በላዩ ላይ ይቀርጽበታል። በዚያው ቀን ለሱቁ ባለቤት “አታጥፉት፣ ፖሊስ ይጠይቃችኋል” ብሎ መናገር፣ ለፖሊሱም “ካሜራ እዚህ አለ” ብሎ ማሳየት የልጆች ሥራ ነው።

አሁን የእኛን ብቻ የሚመለከት ነገር ላንሣ። ስንቶቻችሁ ናችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የልደት ቀን እውነተኛው ያልሆነ? እጅ አታውጡ! (ሳቅ) በስደት ካምፕ በግምት የተሞላ አለ፤ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈ አለ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ እንዳለ የተገለበጠ አለ። ዘረፋው የተፈጸመው በ2024 ነው እንበል። እማማ ምስክር ወንበር ላይ ወጥተው “መቼ ተወለዱ?” ሲባሉ “በ1948” ይላሉ። አስተርጓሚው 1948 ብሎ ያልፋል። በፈረንጅ 1948 ከሆነ 70ን አልፈዋል። እሳቸው ያሉት ግን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ይኸውም በፈረንጅ ከመስከረም 1955 እስከ መስከረም 1956 ያለው ነው። ስለዚህ ዕድሜያቸው ገና ከ67 እስከ 69 ነው። የ5 ዓመቱ ጭማሪ 70 ዓመት ላይ ነው የቆመው! መታወቂያው አንድ ነገር ይላል፣ አንደበታቸው ሌላ። ተከላካይ ጠበቃ ይህን ካገኘ ዕድሜውን ብቻ አይደለም የሚያጠቃው፤ “የልደት ቀናቸውን ያላስታወሱ ሰው የተከሳሹን መልክ እንዴት አስታወሱ?” ብሎ ሙሉ ምስክርነታቸውን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከምስክርነቱ በፊት ለዐቃቤ ሕጉ አስረዱ፤ እማማም ሲመልሱ “በኢትዮጵያ አቆጣጠር” ብለው ይጀምሩ።

ሦስተኛው፣ ስሌቱን በእጃችን እንሥራው። አንዲት የ72 ዓመት እናት ከኤቲኤም 300 ዶላር አውጥተው ዘወር ሲሉ አንድ ጎልማሳ ገፍትሮ ይጥላቸዋል፤ ዳሌያቸው ይሰበራል። ቦርሳቸውን ይዞ ይሄዳል። ቦርሳው ውስጥ መታወቂያና፣ መያዝ የማይገባው የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በስማቸው ክሬዲት ካርድ ያወጣና 6,400 ዶላር ይጠቀማል።

ኤቲኤም ስለሆነ አንደኛ ደረጃ ዘረፋ ነው፤ መካከለኛውን እንውሰድ፣ 4 ዓመት። ከ65 በላይ ስለሆኑ 1 ዓመት። ከ70 በላይ ሆነው ከባድ ጉዳት ስለደረሰባቸው 5 ዓመት። አሥር ሆነ። የማንነት ስርቆቱ በቁጥር 368 ሲከሰስ መካከለኛው 3 ዓመት ነው፤ ግን ተከታይ ቅጣት ተብሎ ሲደመር የመካከለኛው ሲሶ ብቻ ነው የሚቆጠረው፣ 1 ዓመት። በድምሩ 11 ዓመት።

ይኸው ድርጊት በደንብ ባልተጻፈ ሪፖርት ተነሥቶ፣ መገፍተሩ ሳይገለጽ፣ ዕድሜው ሳይከሰስ ቢቀርስ? ተራ ስርቆትና ተራ የማንነት ስርቆት ብቻ ሆኖ፣ 16 ወር ወይም ፕሮቤሽን ሊሆን ይችላል። አንዱ 11 ዓመት፣ አንዱ 16 ወር። ሰውየው አንድ፣ ድርጊቱ አንድ።

ግን 11 ዓመት ይፈረዳል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። ይህ ቁጥር ከላይ ወደ ታች የሚሸረሸርባቸው መንገዶች አሉ፤ ማወቁ ይጠቅማል፣ በኋላ “ፍርድ ተገመደለ” ብሎ ከማዘን ያድናል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ዳኛው ከፍተኛውን ቅጣት፣ በእኛ ምሳሌ 6 ዓመቱን፣ በራሱ መምረጥ አይችልም፤ ማክበጃ የሚሆኑት ፍሬ ነገሮች ተከሳሹ ያመነባቸው ወይም ከጥርጣሬ በላይ የተረጋገጡ መሆን አለባቸው። “ተበዳይዋ በተለይ ለጥቃት የተጋለጡ ነበሩ” የሚል ማክበጃ በፍርድ ቤት ደንብ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ዕድሜውን አንዴ የ1 ዓመት ጭማሪ ካገኙበት፣ ያንኑ ዕድሜ ደግሞ ለከፍተኛው ቅጣት ምክንያት ማድረግ አይቻልም። አንድ ፍሬ ነገር ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። ስለዚህ ሌላ ያስፈልጋል፤ ብቻቸውን ነበሩ፣ ምሽት ነበር፣ ዎከር ይዘው ነበር።

ተከሳሹ ወንጀሉን ሲፈጽም ከ26 ዓመት በታች ከነበረና ወጣትነቱ ለጥፋቱ አስተዋጽኦ ካደረገ፣ ሕጉ ዳኛውን ወደ ዝቅተኛው ቅጣት ይገፋዋል። ጭማሪዎች ሲበዙም ዳኛው ለፍትሕ ሲባል የተወሰኑትን እንዲሰርዝ ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ጠበቆችም ይህን ሳይጠይቁ አያልፉም። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ወጣት አጥፊዎች ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ይህ ስሌት በሙሉ ይቀራል። በሌላ በኩል ዘረፋ እዚህ ግዛት “ስትራይክ” ነው፤ ከዚህ በፊት አንድ ስትራይክ ያለበት ሰው የዋናው ወንጀል ቅጣት እጥፍ ይሆንበታል፤ ሁለት ካለው ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ሊደርስ ይችላል። ለልጆቻችሁም ይህን ንገሯቸው፤ ዜግነት ያላገኘ ልጅ በዘረፋ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ከተፈረደበት ግሪን ካርዱም አደጋ ላይ ነው።

ወደ ማንነት ስርቆት ልሻገር። በካሊፎርኒያ ቁጥር 530.5 ዋናው ሕግ ነው፤ እስከ 3 ዓመት። ተበዳዩ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ዐቃቤ ሕጉ በቁጥር 368 እንዲከስ ጠይቁ። ከ950 ዶላር በላይ ከሆነ 2፣ 3 ወይም 4 ዓመት ድረስ፣ መቀጮውም እስከ 10,000 ዶላር ይሄዳል። ለዚህ ነው እያንዳንዷን ደረሰኝ የምናጠራቅመው፤ 900 ዶላር ላይ የቆመ ክስና 1,000 ዶላር ላይ የቆመ ክስ አይገናኙም። ቅድም ያነሣሁት የሐብል ስርቆትም በዚሁ ቁጥር ሊከሰስ ይችላል፤ ስለዚህ የወርቁን ደረሰኝ፣ ከሌለም በሠርግና በክርስትና ፎቶ ላይ አጥልቀውት የሚታዩበትን ፈልጉ።

“ዕድሜያቸውን አላውቅም ነበር” የሚለው መከላከያ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አይቆምም። ለምን? ክሬዲት ካርድ ለማውጣት ቅጹ ላይ የልደት ቀን ሞልቷላ! በእጁ የጻፈውን አላውቅም ማለት አይችልም። ስለዚህ ባንኩ ማመልከቻውን እንዳያጠፋው ቶሎ ጠይቁ፤ የማጭበርበሪያ ማመልከቻውንና የግብይቱን መዝገብ ቅጂ ማግኘት በፌዴራል ሕግ የተበዳይ መብት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሥራ ቶሎ ቶሎ ልበለው። በቁጥር 530.6 መሠረት በምትኖሩበት ከተማ ያለው ፖሊስ ሪፖርቱን መቀበልና ቅጂውን መስጠት አለበት፤ ገንዘቡ የወጣው ሌላ ከተማ ቢሆንም። “እዚያ ሂዱ” ቢሏችሁ ቁጥሩን ጥቀሱላቸው። በፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ገጽ፣ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ ላይ፣ የማንነት ስርቆት ሪፖርት ሙሉ። የክሬዲት መዝገብ በሚይዙት ሦስት ድርጅቶች፣ በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን፣ ክሬዲታቸውን አስቆልፉ፤ ከ2018 ጀምሮ ነጻ ነው፤ ሦስቱም ጋ ለየብቻ ነው የሚደረገው። ዴቢት ካርድ ጠፍቶ ከሆነ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ለባንኩ ያሳወቀ ሰው ኪሳራው ከ50 ዶላር አያልፍም፤ ከዘገየ እስከ 500 ዶላር፤ የባንክ መግለጫው ከተላከ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ለሚወጣው ገንዘብ ግን ገደብ የለም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የአረጋውያን ማጭበርበር መስመር 1-833-372-8311 ነው። ጻፉት።

ጉዳዩ ብዙ ሰው የተጎዳበት፣ ፖስታ የተሰረቀበት ወይም ከግዛት ግዛት የተሻገረ ከሆነ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። እዚያ ሒሳቡ ሌላ ነው። በባንክ ማጭበርበር ወይም በስልክና በኢንተርኔት በሚፈጸም ማጭበርበር (“ዋየር ፍሮድ”) ውስጥ የእውነተኛ ሰውን መለያ የተጠቀመ፣ “የከበደ የማንነት ስርቆት” በሚለው ሕግ ተጨማሪ 2 ዓመት ይፈረድበታል። ከ2 አያንስም፣ ከዋናው ቅጣት ቀጥሎ እንጂ አብሮ አይታሰርም፣ ፕሮቤሽን የለውም፤ ዳኛው ይህን ለማካካስ ብሎ ዋናውን ቅጣት መቀነስም ተከልክሏል። ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለት ጊዜ አጥብቦታል፤ በ2009 ተከሳሹ መለያው የእውነተኛ ሰው መሆኑን ማወቅ አለበት አለ፤ በ2023 ደግሞ የሰውየው ማንነት የማጭበርበሩ እምብርት መሆን አለበት አለ፤ ዳር ላይ የተጠቀሰ ስም አይበቃም። በስልክ ግብይት ወይም በኢሜይል ማጭበርበር ከ55 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን ዒላማ ያደረገ ላይ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ሊጨመር ይችላል።

የፌዴራል ቅጣት መመሪያው “ተጋላጭ ተበዳይ” ለሚለው ሁለት ነጥብ ይጨምራል። እዚህም ላይ 80 ዓመት መሆን በራሱ አይበቃም፤ በዕድሜው ወይም በጤናው ከሌላው ሰው የተለየ ተጋላጭነት እንደነበረው፣ ተከሳሹም ያንን ያውቅ እንደነበር ወይም ማወቅ እንደነበረበት መታየት አለበት። እንዲሁም የተበዳዩ ኑሮ ከተናጋ፣ ማለትም የጡረታ ቁጠባው ካለቀ፣ ቤት ከቀየረ፣ ክሬዲቱ ከተበላሸ፣ ይህ ለብቻው ነጥብ ይጨምራል። ይህን ማን ያውቃል? እናንተ። ማንስ ይጽፈዋል? እናንተ ካልሰጣችሁ ማንም።

አሁን ደግሞ ከባዱን ላንሣ። ሌባው የቤት ልጅ ሲሆንስ? የልጅ ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ ቀን ቀን የምትጠብቃቸው ሠራተኛ? በቁጥር 368 ውስጥ ተንከባካቢን ለብቻ የሚመለከት ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ ጥፋተኛው “አላወቅሁም” ሊል አይችልም። የእኛ እናቶች ግን “ልጄን አላሳስርም” ይላሉ፤ ዘመድም ሽማግሌ ይልካል። እርቁ መልካም ነው፤ ማንም አይቃወምም። ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ክሱን የሚያነሣው ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ “ይቅር ብያለሁ” ማለት ክሱን አይዘጋውም፣ ቅጣቱን ሊያቀልል ግን ይችላል። ሁለተኛ፣ “ፍርድ ቤት እንዳትሄጂ፣ ቃልሽን ለውጪ” ብሎ ተበዳይን መገፋፋት በቁጥር 136.1 ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎቻችን፣ እባካችሁ! ገንዘብ አስመልሱ፣ ቤተሰብ አስታርቁ፤ ስለ ምስክርነት ግን አንዲት ቃል አትናገሩ።

ምስክርነቱ ራሱም ጊዜ አይጠብቅም። ተበዳዩ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ በቀጠሮ ቅድሚያ ይሰጠዋል። 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ዋና ምስክር ደግሞ ቃሉ አስቀድሞ፣ ተከላካዩ ባለበት፣ በቪዲዮ ሊቀዳ ይችላል። ታመው ከቀሩ፣ ከሞቱ፣ ያ ቃል ይሠራል። ዐቃቤ ሕጉ ይህን እንዲያደርግ ጠይቁት፤ ጠረጴዛው ላይ መዝገብ የተቆለለበት ሰው ነው፣ ላያስታውሰው ይችላል።

የመጨረሻው ነጥቤ የቅጣት ቀን ነው። ማርሲስ ሎው የሚባለው፣ በ2008 በሕዝብ ድምፅ በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የገባው የተበዳዮች መብት፣ ቅጣት ሲወሰን ተበዳዩ እንዲናገር፣ ከዐቃቤ ሕጉም ጋር እንዲመክር ይፈቅዳል። ግን ብዙው “ሲጠይቅ” ነው። አብዛኛው ጉዳይ ደግሞ የሚያልቀው በድርድር ነው፤ ዓመቱ የሚቆረጠው ከቅጣቱ ቀን በፊት ነው። ስለዚህ ቀኑን አትጠብቁ። ገና ከመጀመሪያው በዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ያለውን የተበዳዮች አማካሪ አግኙና “ድርድር ከመደረጉ በፊት ይነገረን” ብላችሁ በጽሑፍ ስጡ።

ንግግሩ ምን ይሁን? ስድብና እርግማን አይሁን። ዳኛው የሚፈልገው ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ነው። “ድሮ እሑድ እሑድ በአውቶቡስ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፤ አሁን ልጄ ካልወሰደኝ አልወጣም። ሌሊት በሩን ሦስት ጊዜ ተነሥቼ አያለሁ። ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ መስገድ አልችልም።” ይህ ይበቃል። በአማርኛ ይናገሩ፤ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ አስይዙ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ በየፍርድ ቤቱ ቁጭ ብሎ አይጠብቅምና። ለፕሮቤሽን ክፍሉም የጽሑፍ ቃል ላኩ፤ ዳኛው ከመቀመጡ በፊት የሚያነበው የእሱን ሪፖርት ነው።

ካሳ ግዴታ ነው። ዳኛው የተበዳዩን ሙሉ ኪሳራ እንዲከፈል ያዛል፤ የተወሰደው ገንዘብ፣ ሕክምናው፣ የተሰበረ መነጽር፣ ፍርድ ቤት ለመሄድ የቀረ የሥራ ቀን፣ ክሬዲቱን ለማስተካከልና ለመከታተል የወጣው ሁሉ። ጠበቃ አያስፈልግም፤ ዝርዝርና ደረሰኝ ያስፈልጋል። ትእዛዙ ሲአር-110 በሚባለው ቅጽ ይወጣል፣ እንደ ፍትሐ ብሔር ፍርድም ይፈጸማል፤ እስር ቤት ካለው ሰው ደመወዝና ከቤተሰቡ ከሚላክለት ገንዘብ እስከ ግማሽ ይቆረጣል። በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ በጥቂት በጥቂቱ፣ ለዓመታት ነው። የግዛቱ የተበዳዮች ካሳ ቦርድ ለሕክምና፣ ለሥነ ልቦና ምክርና ለመሳሰለው ይከፍላል፤ የተሰረቀ ጥሬ ገንዘብና ወርቅ ግን አይከፍልም። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው ቅር የሚሰኘው።

ቅጣቱ ከተወሰነም በኋላ አንድ ቅጽ ይቀራል። 1707 ይባላል፤ የካሊፎርኒያ ማረሚያ መሥሪያ ቤት ቅጽ ነው። ሰውየው ሲፈታ እንዲነገራችሁ፣ የካሳውም ገንዘብ የት እንደሚላክ እንዲታወቅ በዚህ ነው የሚጠየቀው። ቤት ከቀየራችሁ አድራሻውን አድሱ፤ አለዚያ ደብዳቤው አሮጌው ቤት ይሄዳል።

ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። የፖሊስ ሪፖርት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አብረን እናያለን። እሺ፣ ጥያቄ ያላችሁ፣ ከእናቶች እንጀምር።